በእርሳስ የተጀመረው መርሃ ግብር

ጆን ፎንዳል በ1961 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የግንባታ ክፍል ያዘጋጀው የምርምር ዘገባ፣ የክሪቲካል ፓዝ ዘዴን ያለ ኮምፒዩተር ለግንባታ ሥራ ማዋል እንደሚቻል ከርዕሱ ጀምሮ ያውጃል። ዛሬ ያንን ርዕስ የሚያይ ሰው የስታንፎርዱን ፕሮፌሰር ዘመን ጥሎት የሄደ መምህር አድርጎ ቢገምተው አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አሁን የግንባታ መርሃ ግብር የሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙት እሱ ለወረቀትና ለእርሳስ ባዘጋጀው አሣሣል ነው። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ሰውየው ምርምሩን የጀመረው ከማሽኑ አቅም ሳይሆን ሳይት ላይ ካለው ሰው ችግር ነበር።

ፎንዳል በ1955 ወደ ስታንፎርድ ሲመጣ በተቋራጭ ድርጅት ሠርቶ ያለፈ መሐንዲስ ነበር። ከክላርክሰን ኦግልስቢ ጋር ሆኖ የግንባታ አስተዳደርን የድኅረ ምረቃ ትምህርት አደረገው፤ ያኔ የሲቪል ምህንድስና ክብሩ በንድፍና በስሌት እንጂ ሠራተኛን፣ ማሽንንና ሲሚንቶን በሰዓቱ በማገናኘት አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ የዱፖን ኩባንያው ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ ጄምስ ኬሊ ክሪቲካል ፓዝን በዩኒቫክ ኮምፒዩተር እየሞከሩት ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ተከታትለው ከሚሠሩት ሥራዎች ረጅሙ ሰንሰለት የፕሮጀክቱን ማብቂያ ይወስናል፣ በእሱ ላይ የአንድ ቀን መዘግየት የሁሉ መዘግየት ነው። ያስቸገረው አሣሣሉ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ቀስት ሆኖ ይሳላል፤ ቀስቶቹም ቁጥር በተሰጣቸው ነጥቦች ይገናኛሉ። ኮንክሪቱ ፎርምወርኩም ፌሮውም እስኪያልቅ የሚጠብቅ፣ የኤሌክትሪክ ቱቦው ግን ፎርምወርኩን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ቅደም ተከተሉን ለማሳየት ሲባል ጊዜም ጉልበትም የማይወስድ የይስሙላ ቀስት ማስገባት ግድ ይላል። እንዲህ ያሉት ቀስቶች ሲበዙ ፎርማኑ የራሱን ሥራ ከሥዕሉ ላይ ለይቶ ማግኘት ያቅተዋል። ፎንዳል ሥራውን በክብ ውስጥ አስቀመጠው፤ መስመሩን ለቅደም ተከተል ብቻ ተወው። የይስሙላው ቀስት አላስፈለገም። መሐል ላይ የተረሳ ሥራ ቢገኝም አንድ ክብ ጨምሮ መስመሮቹን ማስተካከል ብቻ ነው።

ይህን ሐሳብ ብቻውን አላፈለቀውም ሊባል ይችላል፤ እውነትም ነው። ፈረንሳዊው በርናር ሯ ከእሱ ቀደም ብሎ፣ ያለ አንዳች ግንኙነት፣ ተመሳሳይ መንገድ አግኝቶ ነበር። የቀዳሚነቱን ክብር ለሯ መስጠት ተገቢ ነው። የአሜሪካ ግንባታ ሙያ ዘዴውን የተማረው ግን ከፎንዳል ነው፤ ዘገባውን ተቋራጮች ራሳቸው እየገዙ አነበቡት። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ለመሆኑ ኮምፒዩተር ካሸነፈ በእጅ ማስላትን መስበክ ምን ፋይዳ ነበረው? በ1961 ኮምፒዩተር ያለው ተቋራጭ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ዘዴው ማሽኑን ይጠብቅ ቢባል የሳይቱ ሰው ለዓመታት እጁን አጣጥፎ በቀረ ነበር። ደግሞም ሰው በዓይኑ ሊከተለው እንዲችል የተቃናው ሥዕል ለማሽኑም ተመቸ። ዛክሪ የተባለው የቴክሳስ ተቋራጭ ከአይቢኤም ጋር ተባብሮ ይህንኑ አሣሣል በ1960ዎቹ ኮምፒዩተር ላይ አዋለው።

ምርምሩ ግንባታን ከመዘግየት አልገላገለውም የሚለውን ግን ማስተባበል አልችልም። የዚሁ የስታንፎርድ ትምህርት የመጀመሪያው ትውልድ ተማሪ የነበረው ፖል ታይኮልዝ ራሱ በ2004 ባወጣው ትንተና፣ የአሜሪካ ግንባታ የሠራተኛ ምርታማነት ከ1964 ወዲህ ማሽቆልቆሉን ጽፏል። አለካኩ ቢያከራክርም፣ መርሃ ግብር የዘገየ ክፍያንና የተለዋወጠ ንድፍን እንደማያርቅ ያሳያል። ጥፋቱን በዘዴው ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ ዘዴው የትኛው መዘግየት ማብቂያውን እንደሚጎትት ያሳያል እንጂ ገንዘብ አይለቅም። ቀስቱስ የት ደረሰ? የመርሃ ግብር ሶፍትዌር የሆነው ፕሪማቬራ በቀድሞ እትሞቹ ሁለቱንም አሣሣሎች ይዞ ነበር፤ ፒ6 የተባለው እትም ሲመጣ የቀስቱን ጣለና የፎንዳልን ዓይነት ብቻ አስቀረ። አዲስ አበባም ውስጥ መሐንዲሶች መርሃ ግብር የሚሠሩት በዚሁ አሣሣል ነው።