በሌላ ስም የተመዘገቡ ሴቶች

ከአዲስ አበባው ፒያሳ የተነሳው ታክሲ በአስኮ በኩል ተሳፋሪውን እያራገፈ ሳንሱሲ ሲደርስ ከተማው ያለቀ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ቡራዩ፣ ሆለታ፣ እያለ እስከ አምቦ ነው። ሳንሱሲ የሚለው የሰፈሩ ስም ፈረንሳይኛ ለሚያውቅ ሰው «ያለ ሐሳብ» እንደማለት ነው። የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ ዓይናቸውን አስፋልቱ ላይ ተክለው በዚህ በምዕራቡ መግቢያ ለገበያ ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ግን ያለ ሐሳብ የሄዱበት ቀን ብዙ አይመስልም።

የእነዚህን ሴቶች ታሪክ የት ይፈልጉታል? «የሴቶች ታሪክ» በሚል መደርደሪያ ላይ አይደለም። በብዛት ያሉት በማገዶ፣ በደንና በኃይል አቅርቦት ጥናቶች ውስጥ ነው።

ነገሩ የእንጨት ተሸካሚዎች ብቻ አይደለም። «ሥርዓተ ፆታ» የሚለው ቃል ራሱ የትናንት ልጅ ነው። በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ ይህንኑ ቃል ብቻ ይዞ የሚፈልግ ተማሪ የዐውደ ጥናት ሪፖርት እንጂ ጥንታዊ ሰነድ አያገኝም። የድሮ ጸሐፊ የሚያውቀው ሌላ ቃል ነው፦ ሰማንያ፣ ቁርባን፣ የደመወዝ ጋብቻ፣ የጭን ገረድ፣ ኮማሪ፣ ጥሎሽ፣ ጠለፋ፣ ርስት። እነዚህን ቃላት ይዞ በ1936 ዓ.ም. በተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር፣ ወይም በስድስት ኪሎው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተቀመጠ ሰው ግን ባዶ እጁን አይመለስም። ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመውን ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ማገላበጡ ብቻ የወራት ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የብራና ኅዳግ ነው። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ምሁር የጎንደርን ዘመን የመሬት ይዞታ ሲያጠና፣ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች በሽያጭ፣ በኑዛዜና በሙግት ማስታወሻ የተሞሉ መሆናቸውን አስተዋለ። ከዳዊቱና ከገድሉ ጎን፣ እገሌ ለእገሊት መሬት ሸጠ፤ እገሊት ከወንድሟ ጋር ተሟገተች የሚል ይገኛል። ሴቶች እዚያ ገዢ ናቸው፣ ሻጭ ናቸው፣ አውራሽ ናቸው፣ ከሳሽ ናቸው። ክራሚ ይህን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ጎንደር ሴቶችና ስለ መሬት የጻፈው ጽሑፍ፣ የድሮዋ ኢትዮጵያዊት ከጓዳ አልወጣችም ብሎ ለሚያስብ ሁሉ ጥሩ መድኃኒት ነው። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዷቸው ናቸውና የጎንደሯን ወይዘሮ ርስት ለማየት ዛሬ የሚኬደው ለንደን ነው።

ብራና ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ማንበብ ሌላ። ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 እ.ኤ.አ. ገደማ የጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ለዚህ ምስክር ነው። ወለተ ጴጥሮስ ባለ ትዳር ወይዘሮ ነበረች። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲያውጁ ባሏን ትታ መነኮሰች፣ ንጉሡን ተቃወመች፣ ተጋዘች፣ በጣና ዙሪያ ማኅበር መሠረተች። በሴት የተመራ ተቃውሞ ከእግር እስከ ራሱ የተጻፈበት እንዲህ ያለ ሰነድ በአፍሪካ ብዙ የለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር በእንግሊዝኛ ተርጉመው ሲያሳትሙት ግን ክርክሩ የተነሳው በተቃውሞው ላይ አልነበረም። ስለ ወጣት መነኮሳይያት የምትናገር አንዲት አጭር ቦታ ነበረች። ተርጓሚዎቹ በሴቶች መካከል ያለ የሥጋ ፍላጎት ነው ብለው አነበቧት። ኢትዮጵያውያን አንባቢዎችና ሊቃውንት ተቆጡ፤ ይርጋ ገላው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሰፊ ትችት ግእዙ እንዲህ አይልም፣ ትርጉሙም ታሪኩን ያዛባል ሲል ሞገተ። በዚህ ሙግት ማንም ወገን ቢሆን ያለ ግእዝ ሊቆም አይችልም። የቅጂዎች ልዩነት፣ የአንድ ግስ አረባብ፣ የገዳም ቋንቋ ልማድ ሁሉ ይመዘናል። እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ የሚፈርድ ሰው፣ ወዲህም ይፍረድ ወዲያ፣ ምንጩን አላየም።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ምንጩ ከገዳም ወደ ቡና ቤት ይዞራል። ሪቻርድ ፓንክረስት የሴተኛ አዳሪነትን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲጽፍ በብዛት የተደገፈው በመንገደኞች ማስታወሻ ላይ ነው፤ መንገደኛው ወንድ ነው፣ የሚያየውም በወንድ ዓይን ነው። ላቀች ዲራሴ ቆይታ ሴቶቹን ራሳቸውን ጠየቀች። ቤተልሔም ተኮላ ደግሞ የሦስት ሴቶችን የሕይወት ታሪክ ከአንደበታቸው ወስዳ አሳተመች። ውቤ በረሃ የተባለውን የአዲስ አበባ ሰፈር ሌሊት ለማወቅ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ነው። ጥሩ ልብ ወለድ ነው። መዝገብ ግን አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታቱ የመመረቂያ ጽሑፎች ጥቂት አይደሉም።

ፊልምስ? የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም የፊልም ድራማ፣ በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ገና ከርእሱ አንድ ነገር ይናገራል፦ የሚጠየቀው አባት ነው።

ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ «ድፍረት» መጣ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የሆነ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ተከሰሰች፤ በጠበቃ መዓዛ አሸናፊ አማካይነት የቆመላትም ገና አዲስ የነበረው የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ያኔ የሚሠራበት፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው ልጅቷን ካገባ ክሱን የሚያስቀር ነበር። ይህ ቀዳዳ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት አገኘ። የአዲስ አበባው ምርቃት ግን አዳራሹ ሞልቶ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ታሪኩ የራሷ የሆነው ሴት መብት ጥያቄ ውስጥ ነበር። የጎንደሯ ወይዘሮ ኅዳግ ላይ ተጽፋ ዝም ብላለች። የዚህችኛዋ ግን ምንጩ በሕይወት አለ፣ ይናገራል፣ ይከሳልም። ለተመራማሪ ከፊልሙ ይልቅ ሊታይ የሚገባው የፍርድ ቤቱ መዝገብ ነው፤ ፊልሙ የሚያስፈልገው ከተማው ታሪኩን እንዴት ሊያየው እንደፈለገ ለማወቅ ነው።

ወደ ሳንሱሲ እንመለስና፣ በዚያው በአምቦ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ደስታ መንደር አለ። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዋላጅ ነርሶችን ለማሰልጠን ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ፤ በ1974 የፌስቱላን ሆስፒታል ከፈቱ። በምጥ ጉዳት ሽንታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው ከባልና ከጎረቤት የተገለሉ ሴቶች ወደዚያ ጎረፉ። ሙሉ በሙሉ መዳን ላልቻሉት ደግሞ ደስታ መንደር ተሠራ፤ የአዋላጅ ኮሌጁ ከዚያው ጎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት የወጣው «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የተባለው ዘጋቢ ፊልም አምስት ሴቶችን ከገጠር ጎጇቸው እስከ ሆስፒታሉ አልጋ ይከተላል። ስለ ልጅነት ጋብቻ፣ ስለ ምጥ፣ ስለ ባል፣ ስለ ኀፍረት፣ ሴቶቹ በገዛ ቋንቋቸው ይናገራሉ። ይህን ፊልም በካታሎግ ውስጥ የሚፈልግ ሰው «ጤና» በሚለው ሥር ይጀምር፤ አማርኛውን የሚችል ከሆነም ከታች የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ትቶ ሴቶቹን ያዳምጥ።