ሰው የሚሠራቸው እንስሳት፤ ከበቅሎ እስከ ነገ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በቅሎን፥ «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት፥ «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። አባቶቻችን ይህን ምሳሌ የሚናገሩት፥ ስለ ትውልዱ ሲጠየቅ የሚያሳፍረውን ደብቆ የሚያኮራውን ብቻ የሚያወራውን ሰው ለመንቀፍ ነው። እኛ ግን ለዛሬው ንግግራችን በቅሎዋን በሌላ ዐይን እንመለከታታለን። በቅሎ ከአህያ አባትና ከፈረስ እናት ትወለዳለች፤ ነገር ግን አህያም ፈረስም አይደለችም። ሰው ሁለቱን ሆን ብሎ ባያገናኛቸው ኖሮ፥ ጭነት ተሸክማ ገደሉን የምትወጣው ይህች ብርቱ እንስሳ እምብዛም ባልታየች ነበር። እንግዲህ ሰው እንስሳ መሥራት የጀመረው በዘመናችን ቤተ ሙከራ ውስጥ አይደለም፤ በቀደሙት አባቶች በረት ውስጥ ነው።

ስለ በቅሎ አንድ ሌላ ልናስታውሰው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም አለመውለዷ ነው። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ በፈረስ ሕዋስ ውስጥ 64፥ በአህያ ሕዋስ ውስጥ 62 ክሮሞዞም ይገኛል፤ በቅሎ ከሁለቱም ግማሽ ግማሹን ወርሳ 63 ስለሚደርሳት፥ ቁጥሩ በትክክል ተጣምሮ ዘር ለመሆን አይችልም ይላሉ። ስለዚህ ሰው በቅሎን በማስወለድ የሠራው ስሕተት ቢኖር፥ ስሕተቱ ከአንዲት በቅሎ ዕድሜ አያልፍም። ዛሬ የምንጠይቀው ጥያቄም ከዚሁ የሚነሣ ነው። በዘር ምሕንድስናና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደፊት የሚሠሩት እንስሳት እንደ በቅሎ በራሳቸው የሚያበቁ ናቸውን? ወይስ ዘራቸውን እየዘሩ አገር ላገር የሚሄዱ? በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሰው ተኩላን አላምዶ ውሻ ካደረገ ከ14 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። አህያም ከዛሬ 7 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ እንደ ተላመደ በ2022 የወጣ የዘር ጥናት ያመለክታል። በ18ኛው መቶ ዓመት ሮበርት ቤክዌል የተባለው እንግሊዛዊ ገበሬ በጎችንና ላሞችን በጥብቅ ምርጫ እያራባ፥ የእንስሳ መልክና ሥጋ በጥቂት ትውልድ ሊለወጥ እንደሚችል አሳየ። ቻርልስ ዳርዊንም በ1859 ስለ ፍጥረታት አመጣጥ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፉን የጀመረው ስለ ዱር አራዊት በመናገር ሳይሆን፥ ሰው ስለሚያራባቸው እንስሳትና ርግቦች በመተረክ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን አርቢው ይመርጥ ነበር እንጂ የሚመርጠው ነገር በእንስሳው ውስጥ የት እንደ ተጻፈ አያውቅም ነበር።

ምርጫ ብቻውን ምን ያህል ኀይል እንዳለው በግልጽ ያሳየው በ1959 በሳይቤሪያ የተጀመረው ፈተና ነው። ድሚትሪ ቤልያየቭ የተባሉት የሶቪየት ኅብረት የዘር ሊቅ፥ ለቆዳቸው ሲባል ይረቡ ከነበሩት ቀበሮዎች መካከል፥ ሰው እጁን ሲዘረጋላቸው የማይናከሱትንና የማይሸሹትን ብቻ እየመረጡ ማራባት ጀመሩ። የጠጉራቸውን ቀለም፥ የጆሯቸውን ቅርጽ ወይም የጅራታቸውን ርዝመት አልመረጡም፤ የመረጡት ጠባይን ብቻ ነበር። በአራተኛው ትውልድ ሰው ሲያዩ ጅራታቸውን የሚወዘውዙ ቡችሎች ታዩ። ከዚያም በተከታዮቹ ትውልዶች ጆሯቸው የተንጠለጠለ፥ ጅራታቸው ወደ ላይ የተጠቀለለ፥ ጠጉራቸው በነጭ የተዥጎረጎረ ቀበሮዎች ተወለዱ። ቤልያየቭ በ1985 ካረፉ በኋላ የሥራ ባልደረባቸው ሉድሚላ ትሩት ፈተናውን ለብዙ ዓመታት ቀጠሉበት። የዚህ ታሪክ ትምህርት ቀላል አይደለም። የእንስሳ ተፈጥሮ እንደ ሸማ ነው፤ አንዱን ክር ሲስቡት ያልታሰበው ክር አብሮ ይሳባል።

በ1953 ዋትሰንና ክሪክ፥ በሮዛሊንድ ፍራንክሊን አመራር የተነሣውን የጨረር ሥዕል ጭምር መሠረት አድርገው፥ ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው የዘር ጽሕፈት የተሠራበትን መልክ ገለጡ። በ1973 ኮኸንና ቦየር የተባሉት አሜሪካውያን ሊቃውንት የዘር ቁራጭ ቆርጠው በባክቴሪያ ውስጥ ለመትከል ቻሉ። ከዚህ በኋላ የሆነው ለታሪክ የሚጠቅስ ነው። ሊቃውንቱ ራሳቸው የሠሩት ሥራ አስፈራቸውና፥ ከፊሉን ምርምር በፈቃዳቸው አቁመው በየካቲት ወር 1975 በካሊፎርኒያ፥ አሲሎማር በተባለ ቦታ ተሰብስበው ለሥራቸው የጥንቃቄ ደንብ አወጡ። ዐዋቂ ሰው ማንም ሳያስገድደው «ቆይ፥ እንመካከር» ያለበት ጉባኤ በመሆኑ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል።

የአሲሎማር ፍርሃት ከንቱ እንዳልነበረ አሳማዎች መሰከሩ። በሜሪላንድ ግዛት፥ ቤልትስቪል በሚገኘው የአሜሪካ መንግሥት የእርሻ ምርምር ጣቢያ፥ ቶሎ እንዲያድጉና ስባቸው እንዲቀንስ ተብሎ የዕድገት ሆርሞን ዘረመል የተጨመረባቸው አሳማዎች ተወለዱ። በ1989 በወጣው ዘገባ እንደ ተገለጸው፥ ስባቸው በእርግጥ ቀነሰ፤ ነገር ግን የመገጣጠሚያ ሕመም፥ የጨጓራ ቁስል፥ የልብ ማበጥና የኩላሊት ደዌ ወረደባቸው። በሳይቤሪያ የተሳበው ክር ውበትን አመጣ፤ በሜሪላንድ የተሳበው ክር ሥቃይን አመጣ። ከዚያ ወዲህ በ1996 በስኮትላንድ ዶሊ የተባለችው በግ ከአንዲት አዋቂ በግ ሕዋስ ተቀድታ ተወለደች፤ እርሷ የተገኘችው ከ277 ሙከራ መካከል ነው።

በ2015 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር፥ ዘሩ የተለወጠ ሳልሞን የተባለ ዓሣ ለምግብ እንዲውል ፈቀደ። ይህ ዓሣ ከሌላ ሳልሞን የዕድገት ዘረመል ተወስዶ ስለ ተጨመረበት ለገበያ የሚደርስበት ጊዜ እጅግ ያጠረ ነው። ሠሪዎቹ ሁሉም ሴት፥ ሴቷም መካን እንድትሆን አድርገው፥ በየብስ ላይ በተሠራ ገንዳ ውስጥ አሳደጓት። በሌላ አነጋገር፥ ከገንዳው ብታመልጥ እንኳ ዘሯን በባሕር እንዳትዘራ በቅሎ አደረጓት ማለት ነው። ኩባንያው በ2024 መጨረሻ በገንዘብ እጥረት ዓሣ ማርባቱን ቢያቆምም፥ የጥንቃቄው ሐሳብ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ዘመን እንድረስ። በ2012 ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑኤል ሻርፓንቲየ ክሪስፐር የተባለውን መሣሪያ አስተዋወቁ፤ በ2020 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ይህ መሣሪያ የዘር ጽሕፈትን በተፈለገው ቦታ ቆርጦ ለማረም ያስችላል። ነገሩን በእኛ ምሳሌ ለማስረዳት፥ ብራና ፍቆ የተሳሳተውን ፊደል የሚያርም ቁም ጸሐፊን እናስብ። ምላጩ ስለታም ነው፤ ብዕሩም የተቀረጸ ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊው የሚገለብጠውን ግእዝ አይሰማም እንበል። እንዲህ ያለው ሰው ፊደል ለማረም ይችል ይሆናል፤ አዲስ ቅኔ ለመቀኘት ግን አይችልም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመጣው ይህን ቋንቋ ለመማር ነው። አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት የፕሮቲኖችን ቅርጽ አስቀድሞ የመናገር ችሎታውን በ2020 አስመሰከረ፤ በ2022 ከ200 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ፕሮቲኖች ግምቱን ለዓለም አቀረበ፤ ሥራውን የመሩት ሊቃውንትም በ2024 ከኖቤል ተሸላሚዎች መካከል ሆኑ። በ2025 ደግሞ በአሜሪካ የዘር ጽሕፈትን እንደ ቋንቋ ያጠና ኮምፒዩተር፥ ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶችን ሙሉ ጽሕፈት አዘጋጀ፤ በቤተ ሙከራ ሲሠሩም ጥቂቶቹ ሕያው ሥራ ሠሩ። ሆኖም ነገሩን ማጋነን አይገባንም። የዚያ ዐይነት ቫይረስ ጽሕፈት 5 ሺህ ያህል ፊደል ነው፤ የአንዲት ላም ጽሕፈት ግን ወደ 3 ቢሊዮን ይጠጋል። ደብተራው ገና ፊደል ቆጠረ እንጂ ዳዊት አልደገመም።

ታዲያ የነገውን እንስሳ በዐይነ ልቡናችን እንመልከተው። የመጀመሪያው ወገን የምናውቃቸው የቤት እንስሳት ታርመው የሚመጡበት ነው። ሙቀትን እንዲቋቋሙ ጠጉራቸው እንዲያጥር የተደረጉ ከብቶች በ2022፥ አንድን ጽኑ የአሳማ በሽታ እንዲቋቋሙ የተደረጉ አሳማዎች በ2025 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝተዋል። የልጅ ልጆቻችን በሽታ የማያውቃት ዶሮ፥ ድርቅ የማይበግራት ላም ያዩ ይሆናል። ሁለተኛው ወገን ከምድር የጠፉትን የሚመስሉ ናቸው። በ2025 ከጥንት የጠፋ ተኩላ ተመለሰ ተብሎ በተነገረ ጊዜ፥ ብዙ ሊቃውንት፥ «ይህ ጥቂት ዘረመሉ የታረመ የዛሬ ተኩላ ነው» ሲሉ መለሱ። ሦስተኛው ወገን ምሳሌ የሌለው ነው። በ2020 አሜሪካውያን ሊቃውንት ቅርጹን ኮምፒዩተር የነደፈላቸውን፥ ከእንቁራሪት ሕዋስ የተሠሩ፥ ርዝመታቸው ከአንድ ሚሊሜትር የማይበልጥ፥ በውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ሕያዋን አሳዩ። እነዚህን እንስሳ ወይም መኪና ብሎ ለመጥራት ቋንቋችንም ገና አልተዘጋጀም።

አራተኛው ወገን ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናል፤ መልኩ እንግዳ ስለ ሆነ አይደለም፤ እንዲያውም መልኩ ተራ ቢምቢ ነው። በተለመደው የውርስ ሕግ አንድ የተለወጠ ዘረመል ከልጆች ለግማሾቹ ይደርሳል። ኦስቲን በርት የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ በ2003 ባቀረቡት ሐሳብ ግን፥ ለውጡ ራሱን እየገለበጠ ለልጆች ሁሉ ለማለት ይቻላል እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። በ2018 በለንደን በጎጆ ውስጥ በተደረገ ፈተና፥ እንዲህ ያለ ዘረመል የተሰጣቸው የወባ ቢምቢዎች ከ7 እስከ 11 ባለው ትውልድ ውስጥ ፈጽሞ አለቁ። ይህ የበቅሎ ተቃራኒ ነው። በቅሎ በራሷ ታበቃለች፤ ይህ ግን ከእጅ ከወጣ በኋላ ትውልድ እየተሻገረ ሥራውን ይቀጥላል።

ነገሩ ከእኛ ርቆ ያለ አይደለም። ከእስያ የመጣችውና በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው የወባ ቢምቢ በ2012 በጅቡቲ፥ በ2016 በአገራችን በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው ወባም ምክንያት መሆኗ ተረጋገጠ። ጅቡቲም በግንቦት 2024 ዘራቸው የተለወጠ፥ ሴት ልጆቻቸው ሳያድጉ የሚሞቱባቸው ወንድ ቢምቢዎችን ለቀቀች። እነዚህ ለውጣቸው ከጊዜ በኋላ የሚጠፋ ስለ ሆነ ወደ በቅሎው ወገን ይቀርባሉ። ሆኖም ቢምቢ ድንበር ላይ ቆማ የይለፍ ወረቀት አታሳይም፤ ጎረቤት የወሰነው ለእኛም ይደርሳል። በሌላ በኩል በቡርኪና ፋሶ በ2019 መካን ወንድ ቢምቢዎች ከተለቀቁ በኋላ፥ በነሐሴ 2025 መንግሥቷ ሥራውን አስቆመ።

ማን ትክክል ነው? መልሱ በአንድ ቃል አይሰጥም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በ2023 ብቻ ወባ 597 ሺህ ያህል ሰው ገድሏል፤ አብዛኞቹ የአፍሪካ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ «አንፈልግም» ማለትም ዋጋ አለው። «እንፈልጋለን» ብሎ ሳይመረምሩ መፈረምም ዋጋ አለው። መኪናው ሊያሰላ ይችላል፤ የፈረመው ግን ተጠያቂ ሰው መሆኑ አይቀርም።

በዚህ ረገድ አገራችን የምትኮራበት ሥራ አላት። ዘራቸው የተለወጠ ሕያዋን ከአገር ወደ አገር ሲተላለፉ አስቀድሞ ማስታወቅና ፈቃድ መጠየቅ እንደሚገባ የሚደነግገው የካርታሄና ስምምነት በጥር 2000 ሲጸድቅ፥ የአፍሪካን መንግሥታት ወክለው በድርድሩ የመሩት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። እኒህ የመንግሥት ባለሥልጣን የታገሉት በወረቀትና በቃል ነበር። አገራችንም በ2009 የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ አወጣች፤ በ2015 አሻሻለችው። እንግዲህ የነገው እንስሳ የሚሠራው በቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩ መዝገብ ሆኖ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፥ በቢሮም ይሠራል።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ግዴታ አለብን። ኮምፒዩተሩ የሚማረው ዛሬ ካሉት እንስሳት ነው። በደቡብ ምዕራብ አገራችን የሚገኙት የሸኮ ከብቶች ገንዲ የተባለውን በሽታ የመቋቋም ችሎታ ያላቸው ናቸው፤ ነገር ግን ከሌላ ከብት ጋር እየተዳቀሉ በመመናመን ላይ ይገኛሉ። ሳይነበብ የተቃጠለ ብራና በምንም ጥበብ አይገለበጥም። ስለዚህ አዲስ እንስሳ ከመመኘታችን በፊት ያሉንን ቈጥረን፥ መዝግበን፥ ጠብቀን መያዝ ይገባናል።

በቅሎ ስለ አባቷ ስትጠየቅ እናቷን ጠራች። ነገ የሚመጡት እንስሳት፥ «አባታችሁ ማን ነው?» ተብለው ቢጠየቁ ግን፥ «ሰው ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የላቸውም። እኛም በዚያን ጊዜ፥ «ኮምፒዩተሩ ነው የነደፈው፤ ኩባንያው ነው የሸጠው፤ ነፋስ ነው ያመጣው» እያልን አጎት ፍለጋ ከመሄድ ይልቅ፥ አስቀድመን መርምረን፥ የፈቀድነውን በስማችን ፈቅደን፥ የከለከልነውን በስማችን ከልክለን መገኘት አለብን።