የመዶሻው ቡድን

በዌስት ሃም ማልያ ላይ የተጣመሩት ሁለት መዶሻዎች ለጌጥ የተሳሉ እንዳይመስላችሁ፤ የመርከብ ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ ወዛደሮች መሣሪያ ናቸው። በምሥራቅ ሎንዶን፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ቴምዝ አይረንወርክስ የሚባል የመርከብ ፋብሪካ ነበር። ከተደጋጋሚ አድማ በኋላ፣ በ1895 እ.ኤ.አ.፣ ባለቤቱ አርኖልድ ሂልስ የሠራተኛውንና የአሠሪውን ቅራኔ ለማብረድ ብሎ የኳስ ቡድን አቋቋመ። ሰውዬው ሥጋም መጠጥም አይነካም፤ ተጫዋቹም ለገንዘብ ብሎ እንዳይጫወት ይፈልግ ነበር። እሱ ምን አለበት፣ ሀብታም ነው! ሆኖም በ1898 ለተጫዋቾች መከፈል ተጀመረ፤ በ1900 ያ ቡድን ፈርሶ ዌስት ሃም ዩናይትድ በሚል ስም እንደገና ተቋቋመ። ፋብሪካው በ1912 ተዘጋ። ጌታው ለማብረጃ የሰጠውን ኳስ ግን የሠፈሩ ሰው አልለቀቀም፤ ደጋፊው ዛሬም ቡድኑን የሚያበረታታው «ብረቶቹ!» እያለ ነው።