የብር ጌጥና ሰማያዊው ድንጋይ
(ስለ ጣና ዳር ጌጣጌጥ ታሪክ አጭር ጥናት)

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዐባይን የሚሻገረው የጎንደር መንገድ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ ዘንዘልማን ያቋርጣል። በዚህ ቀበሌና በጣና ዳር ባሉት መንደሮች ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈውን የቈየ ጌጥ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም ጌጡ ከሞላ ጐደል ብር ብቻ መሆኑ ነው። መስቀሉ፥ ድሪው፥ ጉትቻው፥ አምባሩ፥ የእግር አልቦው፥ የጆሮ ኩክ ማውጫው ሳይቀር ብር ነው። በፋርስ፥ በቲቤትና በሰሜን አሜሪካ ግን የብር ጌጥ ሲነሣ ቱርኩዋዝ የተባለው ሰማያዊ ድንጋይ አብሮ ይነሣል። የእኛ አንጥረኞች ብሩን ያለ ድንጋይ ለምን ተዉት? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ቱርኩዋዝ መዳብና አሉሚኒየም ከፎስፌትና ከውኃ ጋር ተዋሕደው የሚገኙበት ማዕድን ነው፤ ሰማያዊነቱን የሚሰጠው መዳቡ ነው። ግብጾች በፈርዖኖች ዘመን በሲና ምድር፥ ሰራቢት ኤል ካዲም ከተባለው ስፍራ ይቈፍሩት ነበር። የፋርሱ ኒሻፑርም በዚሁ ድንጋይ ስሙ የገነነ ነው። ፈረንሳዮች በቱርክ አገር በኩል ስለ ደረሳቸው «የቱርክ» ድንጋይ ብለውታል። የሚወደድበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ በነጭ ብር መካከል ሲቀመጥ ጥርት ያለ ሰማይ ይመስላል፥ በብዙ አገርም ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል። ሰማያዊ ቀለም ለእኛም ባዕድ አይደለም። በአንገት የሚታሰረው ማተብ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ክር ነው፤ ሰማያዊ የመስተዋት ዶቃም በገበያችን ከቈየ ብዙ ዘመኑ ነው። እንግዲህ የቀለሙ ፍቅር ሳይጐድል ድንጋዩ ከብሩ ጋር ሳይገናኝ ቀርቷል።

የብሩን ምንጭ ብንመረምር መልሱ የሚቀርብ ይመስለናል። አንጥረኛው የሚያቀልጠው ብር ከማዕድን ጕድጓድ የወጣ ሳይሆን ከኪስ የወጣ ገንዘብ ነበረ። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ብታርፍም፥ መልኳና ይህ ዓመት የተቀረጸበት ብር ከሞተችም በኋላ በቪየና፥ ቈይቶም በሮማ፥ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር ሲታተም ኖሯል። እኛ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ያልነው ይኸው ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከሺሁ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። ባላገሩ ጠገራውን ሲቀበል የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥና የራሷን ዕንቍዎች አንድ በአንድ ይመረምር ነበር፤ ነጥቡ የደበዘዘ እንደ ሆነ አይቀበልም። (ድንጋይ በጌጡ ላይ ያላስቀመጠ ሕዝብ በገንዘቡ ላይ ያለውን ዕንቍ መቍጠሩ ያስገርማል።) ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር በፓሪስ ካሠሩ በኋላ እንኳ ገበያው ማርትሬዛውን ቶሎ አልለቀቀም።

በቋንቋችን «ብር» የማዕድኑም የገንዘቡም ስም መሆኑ በከንቱ አይደለም። ለወርቅ መመዘኛ የነበረው ወቄትም ከአንድ ማርትሬዛ ክብደት ጋር የተስተካከለ ነበር። ሴትዮዋ አምስት ጠገራ ለአንጥረኛው ትሰጣለች፤ እርሱ በወናፍና በከሰል አቅልጦ፥ በመዶሻ ቀጥቅጦ ወይም ክር አድርጎ ጐትቶ ጌጥ ያደርግላታል። ክፉ ዘመን ሲመጣ ጌጡ በሚዛን ተመዝኖ እንደገና ገንዘብ ይሆናል። እንግዲህ ጌጡ በአንገት የሚንጠለጠል ቍጠባ ከሆነ፥ በውስጡ የገባ ድንጋይ ለሚዛን እንቅፋት ነው። ሻጭና ገዥ የድንጋዩን ክብደት ከብሩ ለይተው ሊስማሙ አይችሉም። በእኛ አስተያየት የጣና ዳር ብር ያለ ድንጋይ የኖረው አንጥረኛው ጥበብ ስላነሰው ሳይሆን ጌጡ ሒሳብ ስለ ነበረ ነው።

በዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። የሰሜን አሜሪካ ናቫሆዎችም ብር መሥራት የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዓመት የአሜሪካንና የሜክሲኮን ገንዘብ እያቀለጡ ነው፤ ጌጣቸውንም በችግር ጊዜ መያዣ ያደርጉት ነበር። ነገር ግን ከ1880 ወዲህ ቱርኩዋዙን በብሩ ላይ አስቀምጠዋል። መቃወሚያው ከባድ ነው፤ ሆኖም ልዩነት አለ። ቱርኩዋዝ በዚያ አገር ምድር የሚወጣ፥ ብር ሳይመጣ በፊት ራሱ ዋጋና መለዋወጫ የነበረው ድንጋይ ነው። ብሩ መጥቶ ዋጋ ካለው ድንጋይ ጋር ተገናኘ እንጂ ድንጋዩ በሚዛን ላይ የተጨመረ ሸክም አልሆነም። በእኛ በኩል የገበያ ዋጋው በሁሉ ዘንድ የታወቀ የአገር ድንጋይ አልነበረም።

ስለ ሠሪዎቹም ጥቂት መባል ይገባዋል። ጌጡን የሚወዱ ሰዎች የሠራውን እጅ በ«ቡዳ»ነትና በ«ጠይብ»ነት ሲሰድቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ልማዱ ግን ከዐዋጁ በኋላም ቶሎ አልጠፋም። ሥራው ስም የሌለው፥ ዋጋው በክብደት ብቻ የሚታወቅ ሆኖ የቀረው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በዐዋጅ ሲወጣ የማርትሬዛ ዘመን አበቃ። ጌጡ ከሒሳብ ግዴታ ነጻ ወጣ፤ ለድንጋይም በር ተከፈተ። ድንጋዩ ግን የመጣው ከፋርስ አይደለም። ዘንዘልማን አልፎ ወደ ወረታ የሚሄደው መንገድ እዚያ ተገንጥሎ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወሎ ይዘልቃል፤ በዚያ በደላንታ፥ ወገል ጤና አጠገብ በ2000 ዓ.ም. ኦፓል ተገኘ። ከዚያ በፊት የመንዝ ኦፓል ቢታወቅም ቶሎ የሚሰነጠቅ ስለ ነበረ ስሙ ብዙ አልገነነም። የወሎው ኦፓል 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል በስስ ንብርብር የሚገኝ ሲሆን፥ በውስጡ ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ነበልባል ይጫወታል። የሚያወጡት ወጣቶች በገደሉ ላይ ዋሻ እየቈፈሩ ነው፤ ዋሻው እየተናደ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ቀለበቱን የሚያደንቅ ሁሉ ይህንም ቢያውቅ መልካም ነው።

ኦፓልና ቱርኩዋዝ በባሕርይ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ስላላቸው የነካቸውን ይጠጣሉ። የአያያዙ ችግር የሚነሣው ከዚህ ነው። ብር የሚጠቍረው በአየርና በጢስ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲዋሐድ ነው፤ የማርትሬዛ ብርም መዳብ ስላለበት ፈጥኖ ይጠቍራል። እናቶቻችን ብሩን በሎሚና በአመድ አሽተው ያነጡታል፤ ድንጋይ ለሌለው ጌጥ ይህ እስከ ዛሬ አገልግሏል። ቱርኩዋዝ ያለበት ጌጥ በዚህ ዓይነት ቢታሽ ግን የሎሚው ኮምጣጣነት ፊቱን ይበላዋል፥ አመዱም ይፍቀዋል። ቅቤ የተቀባ ጠጕር የሚነካው ጉትቻ ቅባቱን ጠጥቶ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። የወሎ ኦፓል ውኃ ውስጥ ቢገባ ነበልባሉ ጠፍቶ እንደ መስተዋት ጥርት ይላል፤ በጥላ ሲደርቅ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የጠጣው ዘይት፥ ሽቶ ወይም እንሶስላ ከሆነ ግን ቀለሙ በቀላሉ አይለቅም። ለማድረቅ ብሎ ወደ ቡና ፍም ማስጠጋትም ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ሙሽራዋ ቅቤዋንና እንሶስላዋን ከጨረሰች በኋላ ቀለበቷን ታጥልቅ፤ ብሩንም በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ትጥረገው። አንጥረኛውም ብየዳውን ሁሉ ጨርሶ፥ ብሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ድንጋዩን በመጨረሻ ያስገባ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። ለአዲሱ ጌጥ የሚሆነው ብር አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው አሮጌውን ድሪና አልቦ በማቅለጥ ነው። በሚዛን ብቻ ዋጋ ለተሰጠው ነገር ይህ ኪሳራ አይመስልም፤ ክብደቱ አልጠፋምና። የጠፋው የክሩ አገማመድና የአንጥረኛው እጅ ነው፤ እርሱ ደግሞ በየትም መዝገብ አልተጻፈም። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የተሰበሰቡ መስቀሎችና ጌጦች አሉ፤ የመንደሩ ጌጥ ግን አብዛኛው ገና በየሣጥኑ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዘንዘልማ ግቢ አለው። በዚያ የሚማሩ ጓደኞቻችን በአካባቢው ካሉት ቤተ ሰቦች ፈቃድ እየጠየቁ የእያንዳንዱን ጌጥ ፎቶግራፍ፥ ክብደት፥ የተሠራበትን መንደርና የባለቤቲቱን አጠራር በአንድ ደብተር ቢመዘግቡ፥ ሥራው ከሚዛንና ከካሜራ በቀር ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም።