«ስኮርታው አየር አለው ወይ?»፦ ስለሚጎተት ቤትና ስለ ጎማው ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ታሪክ ለማይወድ ሰውም ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኩት፣ በተለይ መሪ ለሚጨብጥ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአሜሪካ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲያስቸግረኝ የነበረ ልጅ ነው፤ ዛሬ ኮሎራዶ ውስጥ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። እዚያ አገር ሰው በመኪናው እየጎተተ የሚዞረው፣ አልጋና ማብሰያ ያለው ቤት አለ። እሱም ያገለገለ አንድ ገዝቶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ለእረፍት ወደ ዩታ ሲሄድ የተሳቢው የግራ ጎማ ፈነዳ። እሱ አልሰማም። አጠገቡ የሚያልፍ ሰውዬ ክላክስ እያደረገ በእጁ ወደ ኋላ ሲያሳየው ነው የነቃው። ሲቆም ጎማው ተበጣጥሶ አልቋል፣ ቁራጩ እየተወራጨ የቤቱን ወለል ከሥር ቀዶታል፣ በባዶ ቸርኬ ነበር ሲሄድ የቆየው።

ስኮርታ አለው። ግን ቤቱን ከገዛ ጀምሮ ስኮርታውን ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ሲያወርደው አየር የለውም። የመኪናው ክሪክ ለተሳቢው አይሆንም። የመኪናው የጎማ መፍቻ ደግሞ በተሳቢው ብሎን ላይ አይገባም። ሚስትና ልጆች ከመንገዱ አጥር ጀርባ ቆመው፣ ከባድ መኪኖች በአጠገባቸው እየነጎዱ፣ እርዳታ እስኪመጣ አራት ሰዓት ፈጀ። መልእክቱ መጨረሻ ላይ «ቲቸር፣ ያንን ሁሉ የጦርነት ዓመተ ምሕረት ሲያስሸመድዱን ስለ ጎማ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩንም» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለው፣ ግን ድምፁ ውስጥ ድንጋጤው ገና አልወጣም።

እውነቱን ነው፣ አልነገርኳቸውም። ይኸው ዘግይቶም ቢሆን መልሱ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። የመኪናህ የፊት ጎማ ሲተነፍስ መሪው ይነግርሃል፣ ወደ አንድ ወገን ይጎትትሃል። የኋላው ሲተነፍስም መቀመጫህ ይነግርሃል። የተሳቢ ጎማ ግን ከአንተ ርቆ ነው የሚሞተው። እዚያ ላይ ሰው የለም፣ መሪ የለም። ስለዚህ የተሳቢ ጎማ ታሪክ ከሌላው ጎማ ታሪክ ትንሽ ይለያል፦ ሹፌሩ የመጨረሻው ሰሚ ነው።

የጎማ ችግር ከጎማ ጋር አብሮ ነው የተወለደው። ደንሎፕ ቤልፋስት ከተማ ውስጥ በአየር የሚነፋ የብስክሌት ጎማ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። በ1895 የሚሽላን ወንድማማቾች «ይህ ነገር ለመኪናም ይሆናል» ብለው ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር ገቡ። መንገዱ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎማው እየፈነዳ፣ እየወረዱ እየለጠፉ፣ ከ20 በላይ ካላማዳሪያ ጨረሱ። ከተመደበው ሰዓት አልፈው ነው የገቡት። ሰው ሳቀባቸው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ሳነብ የሚገርመኝ መዘግየታቸው አይደለም፤ ያን ያህል ካላማዳሪያ ጭነው መነሳታቸው ነው። ጎማው እንደሚፈነዳ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሠሪዎቹ ነበሩ!

የሚገርመው ሌላው ነገር፣ ለብዙ ዓመት መኪና ሲሸጥ ትርፍ ጎማ የሚባል ነገር አብሮት አልነበረም። ጎማህ ከተነፈሰ ዝናብ ላይ ተቀምጠህ ትፈታለህ፣ ካላማዳሪያውን ታወጣለህ፣ ትለጥፋለህ፣ በእጅ ትነፋለህ። እ.ኤ.አ. በ1904 ዌልስ ውስጥ ላኔሊ በምትባል ከተማ ዴቪስ የሚባል ሰው መላ ዘየደ። ተነፍቶ የተዘጋጀ ጎማ ያለው ቸርኬ ሠርቶ፣ በተነፈሰው እግር ላይ በመቆንጠጫ እንዲታሰር አደረገ። ሱቁ ስቴፕኒ ጎዳና ላይ ስለነበር ነገሩ «ስቴፕኒ» ተባለ። ኩባንያው ከተረሳ ቆይቷል፤ ህንድና ባንግላዴሽ ሄዳችሁ ሹፌር ብትጠይቁ ግን ትርፍ ጎማን እስከ ዛሬ ስቴፕኒ ነው የሚለው።

እኛስ? እኛ «ስኮርታ» እንላለን። ከጣሊያንኛ ነው። ቃሉ እዚያ የተጠባባቂ ስንቅም፣ አጃቢም ማለት ነው። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ካላማዳሪያ፣ ስፔኪዮ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን፦ አንድ ሹፌር መንገድ ዳር ቆሞ ሲሳደብ የሚጠራቸውን ዕቃዎች ስሙ፣ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን በአምስት ዓመት ወረራው መንገድና የጭነት መኪና ይዞ መጣ፤ ሲባረር መንገዱም ቃሉም ቀሩ። ክፍል ውስጥ ስለ ወረራው ሳስተምር ተማሪዎቼ የማይሰለቹት ይህቺን ቦታ ብቻ ነው።

አሁን ወደሚጎተተው ቤት እንምጣ። ተማሪዬ የማያውቀው ነገር ቢኖር እንዲህ ያሉ ቤቶች ከእሱ በፊት፣ እሱ ሳይወለድ፣ አባቱም ምናልባት ሕፃን ሳለ፣ የኛን አገር አቋርጠው ማለፋቸው ነው።

ዋሊ ባያም የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ኤርስትሪም የተባለውን፣ በአሉሚኒየም የተለበጠ፣ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ተጎታች ቤት የሚሠራውን ኩባንያ የመሠረተ ነው። ሰውዬው ቤቱን መሸጥ ብቻ አልበቃውም፤ የገዙትን ሰዎች ሰብስቦ ቅፍለት አድርጎ አገር ላገር ይዞራል። የመጀመሪያው ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነበር። 63 ተጎታቾች ተነሱ፤ መጨረሻ የደረሱት ጥቂት ናቸው። መንገዱ በላቸው። ያ ውርደት ይመስለኛል ባያምን ያስተማረው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ 41 ተጎታች ቤቶችና 106 ሰዎች በመርከብ ኬፕታውን ወርደው ወደ ካይሮ ጉዞ ጀመሩ። አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቤት እየጎተቱ! ብዙዎቹ በጡረታ ዕድሜ ላይ ያሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ከኬንያ ወጥተው በደቡብ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገቡበት ክፍል ከጉዞው ሁሉ ከባዱ ከሚባሉት ነው፤ ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ። የኛ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ያን ጊዜ ገና ስምንት ዓመቱ ነው፤ በ1951 በዓለም ባንክ ብድር ሥራ ሲጀምር ቅድሚያ የሰጠው ጣሊያን ሠርቷቸው ለፈራረሱት ዋና ዋና መንገዶች ነበር። ደቡቡ ጠረፍ ገና ተራው አልደረሰውም። ሆኖም ደረሱ። አዲስ አበባ ላይ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባያምን ተቀብለው አነጋግረውታል። ፎቶው ዛሬም ይገኛል። በመጨረሻም ካይሮ ገብተው ፒራሚዱ ሥር ቤቶቻቸውን ደርድረው አደሩ።

እንዴት ቻሉ? ገንዘብ ነበራቸው፣ መካኒክ ይዘው ነበር፣ ብዙ ሆነው ነው የሄዱት፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ሌላው ግን የጎማው ዓይነት ነው። ያን ጊዜ ብዙው ጎማ ውስጡ ካላማዳሪያ ያለው፣ ወፍራም፣ ደደር ያለ ነው። ሲበሳ ወርደህ ፈተህ፣ ለጥፈህ፣ በእጅ ነፍተህ ትሄዳለህ። ቆንጆ አልነበረም፣ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ያልቃል፤ ነገር ግን አንድ ሰው በሁለት እጁ ሊጠግነው ይችላል። ሚሽላን ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለገበያ ያወጣው ራዲያል ጎማ ቀስ በቀስ ዓለምን ሲይዝ፣ ካላማዳሪያውም ሲቀር፣ ጎማው ዕድሜው ረዘመ፣ ለሹፌሩ ተመቸ። ከተበላሸ ግን፣ በተለይ ጎኑ ከተቀደደ፣ መንገድ ዳር የሚሠራ ሰው የለም። ተማሪዬ ሙሉ የመፍቻ ሳጥን ቢኖረውም ያንን ብጥስጣሽ ምንም አያደርገውም ነበር። ድሮ መዘጋጀት ማለት መጠገን መቻል ነበር። አሁን ሳይነሱ ማየት ነው።

እዚህ ላይ የአባቴን ነገር ላንሳ፤ ፈቅዶልኛል።

አባቴ በደርግ ጊዜ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በአሰብ መስመር የሚሠራ የኤንትሬ ረዳት ነበር። ፊያት ኤንትሬን የማያውቅ ካለ አባቱን ይጠይቅ። ጎታቹ ራሱ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ከኋላው ደግሞ ተሳቢ። የተሳቢው እግር ጥንድ ጎማ ነው፣ ውስጠኛና ውጭኛ። ውስጠኛው ቢተነፍስ ከውጭ አይታይም፤ ውጭኛው ተሸክሞት ይሄዳል። ስለዚህ የረዳት ሥራ በየማቆሚያው ብረት ይዞ መውረድና ጎማዎቹን አንድ በአንድ መምታት ነው። ሙሉ ጎማ ሲመታ ብረቱን መልሶ ያነጥረዋል። የተነፈሰው «ጡፍ» ይላል፣ ዝም ይላል። በዚያ የአፋር ሙቀት፣ በሌሊት፣ በእያንዳንዱ ፌርማታ።

አንድ ሌሊት ሰርዶ ላይ አልወረደም። ደክሞታል፣ ሁለት ቀን አልተኛም። ሹፌሩ «መታህ?» ሲለው «መታሁ» አለ። ሎጊያን አልፈው ወደ ሚሌ ሲወርዱ ሹፌሩ ስፔኪዮ ላይ ቀይ ነገር አየ። ውስጠኛው ተንፍሶ፣ ከጎረቤቱ ጋር እየተፋተገ ግሎ ግሎ ተቀጣጥሏል። ተሳቢውን ፈትተው ጎታቹን አዳኑ። ተሳቢው ከነጭነቱ ጠዋት ድረስ ነደደ። የጫኑት ወረቀት ነበር።

ሹፌሩ ሲጠየቅ «ረዳቴ መትቶ ነበር፣ መንገድ ላይ ነው የተነፈሰው» አለ። ከደመወዙ ለረጅም ጊዜ ተቆረጠበት። ሞቶም ስለዚያ ሌሊት አንድ ቃል አልተናገረም። ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም፣ አባቴ እስከ ዛሬ አልገባውም። ይህንን የነገረኝ አርባውን የሹፌሩን ተዝካር በልቶ በመጣ ቀን ነው።

ወደ አሜሪካ ልመለስና አንድ የቅርብ ታሪክ ልጨምር፣ ምክንያቱም ተማሪዬ «እኔ ያለሁት ሁሉም ነገር ሴንሰር ባለው አገር ነው» ብሎኛል። ነሐሴ 2000 እ.ኤ.አ. ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ነበሩ። የጎማው ጥርስ ያለበት ሽፋን በሙቀት እየተላጠ መኪናው ይገለበጣል፤ የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት 271 ሞት ከዚህ ጋር አያይዟል። ዝቅ ያለ አየርና ሙቀት ተደምረው ምን እንደሚያደርጉ ያኔ መላው አሜሪካ አየ። በዚያው ዓመት ሕግ ወጣ፤ ከዚያም አዲስ የቤት መኪና ሁሉ የጎማ አየር ሲቀንስ የሚያስጠነቅቅ መብራት እንዲኖረው ተደረገ። ዳሽቦርዱ ላይ የምታዩዋት ብርቱካናማ ምልክት ከዚያ ሁሉ ሬሳ ነው የመጣችው። ግን ሕጉ የወጣው ለመኪናው ነው። ከኋላ የሚጎተተውን ቤት አያስገድድም። ለብቻው ገዝተህ ካልገጠምክ በቀር ከመኪናህ ኋላ ያለው ነገር ዛሬም በ1959 ነው የሚኖረው።

ለተማሪዬ የመለስኩለት ይህንን ነው፤ ከአባቴ ጋር ተቀምጠን ነው ያወጣነው። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ፤ 2316 ቢል በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የሚጎተት ቤት ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ስለሚከርም ጎማው በመሄድ ሳይሆን በመቆም ነው የሚያረጀው፤ ጥርሱ አዲስ መስሎ ላስቲኩ ይሰነጣጠቃል፣ ስለዚህ ጥርሱን አትመን፣ አኃዙን አንብብ። አየሩን ጠዋት ሳትነሳ ለካ፣ ከሄድክ በኋላ ሙቀቱ ያሳስትሃል። የስኮርታውንም ለካ። ክሪኩንና መፍቻውን ግቢህ ውስጥ፣ በብርሃን፣ ልጆችህ እያዩ አንዴ ሞክራቸው፤ የማይሆን ከሆነ እዚያ ይታወቅ። ጎማ ከቀየርክ ትንሽ ሄደህ ቁምና ብሎኑን ድገመው። ነዳጅ ለመቅዳት በቆምክ ቁጥር ዞረህ የእጅህን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ እግር መሃል አስጠጋ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ወይ ኩሽኔታው ነው፣ ወይ ፍሬኑ ይዟል፣ አትነሳ። ጎማው ራሱ ከጓደኞቹ በላይ ከጋለም አየሩ ጎድሏል ማለት ነው። ዕቃ አታብዛ። እየሄድክ ከፈነዳብህ ደግሞ ፍሬን ላይ አትዝለል፤ መሪውን ቀጥ አድርገህ ይዘህ ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ ራሱ ይቀዘቅዝልሃል፣ ከዚያ ወደ ዳር ውጣ።

አባቴ የተበጣጠሰውን ጎማ ፎቶ ስልኬ ላይ እያሰፋ ብዙ አየው። ከዚያ «ከዚህ በፊት የት ቆሞ ነበር?» አለኝ። ጠየቅኩለት። ልጁ ከመፈንዳቱ አንድ ሰዓት በፊት ነዳጅ ቀድቷል፣ ለልጆቹ ቺፕስ ገዝቷል፣ ሽንት ቤት ሄደዋል፣ ወደ ኋላ ግን አልዞረም። አባቴ ምንም አላለም፣ ስልኩን መለሰልኝ።

ለአንባቢዎቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። በ1952 ዓ.ም. ከደቡብ ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ባለው መስመር የኖራችሁ፣ ወይ ወላጆቻችሁ የነበሩ፣ አርባ የሚሆኑ የሚያብረቀርቁ ቤቶች ተሰልፈው ሲያልፉ ያየ ወይም የሰማ ሰው ካለ ከታች ጻፉልኝ። ሰዉ ምን ብሎ እንደጠራቸው ማወቅ እፈልጋለሁ።