የቤት ደንብ (የሚና ጨዋታ)

የቤት ደንብ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄድ የሚና ጨዋታ ተጫዋቾች ከታተመው መጽሐፍ ውጭ ተስማምተው የሚከተሉት ደንብ ነው። በዚህ ዓይነት ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፤ የጨዋታው መሪ ደግሞ ታሪኩ የሚካሄድበትን ዓለም ይገልጻል፣ በደንቡም ይዳኛል።

ታሪክ

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የፈጠሩት ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ታተመ። የመጀመሪያው ደንብ ብዙ ነገር ለመሪው ፍርድ ስለተወ በየቡድኑ የተለያየ ልማድ አደገ።

ምሳሌዎች

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም፣ 20 ገጽ ያለው ዳይስ ተጥሎ 20 ቢወጣ ጥቃት ሁልጊዜ ይሳካል። ግንብ እንደ መውጣት ባለ ሙከራ ግን 20 ብቻውን ስኬትን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ብዙ ቡድኖች እንደ ስኬት ይቆጥሩታል። ፈዋሽ መድኃኒት መጠጣትም የተጫዋቹን ዋና ድርጊት ይወስድ ነበር። ብዙዎች በአነስተኛው ተጨማሪ ድርጊት እንዲጠጣ ፈቀዱ፤ በ2024 የታደሰው ደንብም ይህንኑ ተቀበለ።

ዝግጅት

ደንብ በመካከል ቢለወጥ፣ ገጸ ባሕርይውን በቀድሞው ደንብ ያዘጋጀ ተጫዋች ይጎዳል። ስለዚህ የቤት ደንቦች ከጨዋታው በፊት፣ «ዜሮ ክፍለ ጊዜ» በሚባለው ውይይት ይነገራሉ። ለየክፍለ ጊዜው መሪው የመክፈቻ ትዕይንት፣ ቦታዎችን፣ ሰዎችንና ፍላጎታቸውን ያዘጋጃል። ፍጻሜውን ግን አስቀድሞ አይወስንም፤ ምርጫው የተጫዋቾቹ ነውና። ያልታሰበ ጥያቄ ሲነሣ ጨዋታው እንዳይቆም ለጊዜው ይፈርዳል፤ ፍርዱ ቋሚ ደንብ ይሁን አይሁን ቡድኑ በኋላ ይመክርበታል።