ሰኔ 30 እና የኔታ

ሰኔ 30 በአገራችን ብዙ ሂሳብ የሚዘጋበት ቀን ነው። መንግሥት የበጀት ዓመቱን የሚዘጋው በዚሁ ቀን ነው፤ በማግስቱ ሐምሌ 1 አዲስ መዝገብ ይከፈታል። ተማሪም የዓመት ልፋቱን በአንዲት ካርድ ላይ ተጽፎ የሚቀበለው በዚሁ ቀን ነው። ሦስተኛም ሂሳብ አለ፤ በእኛ ዘመን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ጥቅምት ላይ እርሳስ የነጠቀህን ልጅ «ቆይ፣ ሰኔ 30 እንገናኝ!» ትለዋለህ። እሱም አይረሳም፣ አንተም አትረሳም። ካርድ ታድሎ በሩ ሲከፈት ከአጥሩ ውጪ ቦክስ ነው። ቀኑ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ሰልፍ የለም፣ ዩኒት ሊደር የለም፣ «ወላጅ አምጣ» የለም። የአንዳንዱ ቂም ደግሞ ከተማሪ ጋር ሳይሆን ከአስተማሪ ጋር ነበር። በዚያ ቀን በጓሮ በር የሚወጡ አስተማሪዎች ነበሩ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩን ሳስበው ይገርመኛል። ልጅ ዓመቱን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ መጀመሪያ መመስገን የሚገባው ሰው እንዴት በጓሮ በር የሚወጣ ሆነ? አንድ ቀን ብድግ ብሎ የመጣ ነገር አይደለም፤ ታሪክ አለው።

የቄስ ትምህርት ቤት ሰኔ 30 አልነበረውም። ልጁ ከፊደል ገበታው ሀ ሁ ይጀምራል፤ አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌሉን ያልፍና ዳዊት ይገባል። 150ውን መዝሙር ሲዘልቅ «ዳዊት ደገመ» ይባላል። መቼ ነው የሚደግመው? ሲደርስ ነዋ። አንዱ ቶሎ ይጨርሳል፣ ሌላው ይቆያል። እረኛ ሲጠፋ ከብት ጥበቃ ይላካል፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሠላሳኛ የሚባል ነገር የለም። «ወደቀ» የሚባልም ልጅ የለም፤ ገና ያልጨረሰ ልጅ ነው ያለው።

ሲጨርስ ግን ድግስ ነው። ጠላ ይጠመቃል፣ አቅም ያለው በግ ይጥላል፣ ጎረቤት ይጠራል። ልብ በሉ፤ በዚያ ድግስ ላይ የክብሩ ቦታ የልጁ አልነበረም። ልጁማ እጅ ያስታጥባል፣ ዳር ቆሞ ይላላካል። ከላይ የሚቀመጡት የኔታ ናቸው። ስጦታውም የእሳቸው ነው፤ ኩታ ወይም ጋቢ፣ ጥሬ ብር፣ እህል፣ ሁሉም እንደ አቅሙ። ለልጁስ? ለልጁ የሚሰጠው ምርቃት ነው። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው «እደግ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ሲሉ ቤቱ ሙሉ አሜን ይላል።

በእስላሙም ቤት ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወሎም ይሁን ሐረር ወይም ጅማ፣ ቁርኣን የሚቀራ ልጅ 30ውን ጁዝእ ሲጨርስ «ኸተመ» ይባላል። ይታረዳል፣ ይበላል፣ ሸኹ ይከበራሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዱዓውን ይቀበላል።

የኔታን ግን መልአክ ላደርጋቸው አልፈልግም። አለንጋቸውን የቀመሱ ሽማግሌዎች ዛሬም ሲያወሩ ትከሻቸውን ያካሉ። አባት ልጁን ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ አደራ» ይል ነበር ይባላል፤ የቀረው አካል እንግዲህ የመምህሩ ነው ማለት ነው። ጠፍቶ የተገኘ ልጅ እግሩ በሰንሰለት የታሰረበት ጊዜም ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ ድግስ የፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ዕዳም ነበረበት። የኔታ ደመወዝ የላቸውም። ወላጁ ካልሰጣቸው፣ ተማሪው እንጨት ካልለቀመላቸውና ውሃ ካልቀዳላቸው ማን አላቸው? ጋቢው ምስጋናም ክፍያም ነበር። ሁለቱን ለይቶ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

የለያቸው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። ካህናቱ የሚስዮናውያን ነገር ስለሚያስፈራቸው፣ ጳጳስ ከሚመጣበት አገር መምህርም ቢመጣ ይሻላል ተብሎ ነው። እነዚህ ሰዎች ከመንግሥት ደመወዝ የሚቆረጥላቸው ናቸው። በ1917 ዓ.ም አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት መጣ። ከደመወዙ ጋር ደወል መጣ፣ ክፍል መጣ፣ ፈተና መጣ፣ የክረምት ዕረፍት መጣ። እንግዲህ ልጁ ቢገባውም ባይገባውም ዓመቱ ራሱ የሚያልቅ ሆነ። ወላጁም ከዕዳው ተገላገለ፤ መምህሩን የሚያበላው መንግሥት ነው፤ እሱን ምን አገባው?

ምስጋናውም አቅጣጫውን ለወጠ። ከ1933 ዓ.ም በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥልጣን ለብዙ ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ቆይተዋል። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ዲፕሎማውን ከጃንሆይ እጅ እጅ ነስቶ ሲቀበል የተነሳው ፎቶግራፍ በስንት ሳሎን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የምታውቁት ነው። ታዲያ ማን ነው የሚመሰገነው? ሸላሚው ነዋ! ድሮ ወላጅ ለመምህሩ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ባለሥልጣን ለተማሪው ይሰጣል። መምህሩ መሀል ላይ ቀረ፤ የስም ዝርዝር ይዞ።

እኔ የተማርኩት በ1970ዎቹ ነው፤ ጃንሆይ ሄደዋል፣ ሥርዓቱ ግን አልሄደም ነበር። የወላጆች ቀን ሲደርስ ሜዳው በኖራ ይሰመራል፣ ጂምናስቲክ ይታያል፣ ድራማ ይቀርባል። በክብር እንግዳው ወንበር የሚቀመጡት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ናቸው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣን ልጆች (አዎ፣ አንድ ዓመት ሦስተኛ ወጥቻለሁ) ደብተርና እስክሪብቶ ከእሳቸው እጅ እንቀበላለን። ሊቀ መንበሩ ስሜን አያውቁትም። ስሜን የሚያውቁት የክፍል ኃላፊያችን ናቸው። እሳቸውን በዚያ ቀን ያየኋቸው ለእንግዶች ወንበር ሲያመላልሱ ነው።

መጠሪያውም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። «የኔታ» ማለት «የእኔ ጌታ» ነው፤ የሚጠራው ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ «መምህር» አለ፣ ከዚያ «አስተማሪ»፣ ከዚያ እጅ እያወጣን የምንጮኸው «ቲቸር! ቲቸር!» የዛሬ ሕፃናት ደግሞ «ሚስ» ይላሉ። ቃሉን አልጠላም፤ ልጅ በፍቅር ሲለው ያምራል። ግን «ሚስ» ስም አይደለችም። ዓመት ሙሉ አፍንጫውን የጠረገችለትን መምህሩን ስም ጠይቁት እስኪ፤ «ሚስ ናታ!» ይላችኋል። አባቱንም ብትጠይቁት አይሻልም።

ከከተማ ወጣ ሲባል አሮጌው ልማድ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቷል። ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ አብዛኞቹ የተመደቡት ለማስተማር ነው። አጎቴ በዚሁ አገልግሎት ጎጃም አንዲት አነስተኛ ከተማ ደርሶበት፣ ሲመለስ ለአያቴ አንድ ማሰሮ ማርና ሁለት ዶሮ ይዞላት መጣ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ጢም እንኳ በወጉ አልበቀለበትም። የከተማው ሰዎች «የልጆቻችን አባት» ብለው ሸኝተውት አውቶቡስ ውስጥ እንዳለቀሰ እስኪሸመግል ድረስ ይናገር ነበር።

ደመወዝ ለሚቆረጥለትም ቢሆን ደመወዙ የሚያጠግብ አልነበረም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም መምህራን ሥራ ሲያቆሙ፣ በዚያው ቀን የታክሲ ነጂዎችም አቁመው ነበር፤ ከተማዋ ተሽመደመደች። መምህራኑ ደመወዝ ይሻሻልልን፣ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ይቅር ነበር የሚሉት፤ የደሃውን ልጅ ከላይኛው ትምህርት ይዘጋበታል ብለው ያምኑ ነበርና። ወላጁም ብዙ ቦታ አብሯቸው ቆመ። ቀጥሎ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በ1967 ዓ.ም ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወጡ፤ ቀይ ሽብር ሲመጣም መምህር መሆን ብቻውን የሚያስጠረጥር ሆነ። የወላጅን ደጅ በጋቢ ሳይሆን በፍርሃት ያንኳኳ መምህር ስንት ነበር?

አሁን ደግሞ የጋውን ዘመን ላይ ነን። ከ1990ዎቹ ወዲህ የግል ትምህርት ቤቶች ሲበዙ መዋዕለ ሕፃናት የጨረሰ ልጅ ሁሉ ጥቁር ጋውን ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ የሚመረቅ ሆኗል። የአዳራሽ ኪራይ፣ የጋውን ኪራይ፣ የፎቶ፣ የቪዲዮ፣ የኬክ፤ ሁሉም ከወላጅ ኪስ ነው። በአንዱ ላይ ተጋብዤ ከአንድ ልጅ አያት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው በትዕግሥት ሲጠብቁ ቆዩና ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ምርቃቱ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ይኸው እኮ ነው እማማ፤ እየተመረቁ ነው።»

«መራቂው ማነው ታዲያ?»

የምመልሰው አጣሁ። መድረኩ ላይ ዲጄ አለ፣ ወረቀት የሚያድሉ ባለቤቱ አሉ፣ የክብር እንግዳ አለ። መምህራኑ ከመጋረጃ ኋላ የልጆቹን ባርኔጣ በመርፌ ቁልፍ ያያይዛሉ። ሴትየዋ ግን ቃሉን የያዙት ከነሥሩ ነው። ተመረቀ ካልን የመረቀ ሰው መኖር አለበት።

ስጦታ የሚሰጡ ወላጆች የሉም ማለቴ አይደለም። አሉ፤ እንዲያውም አንዳንድ ቦታ በዝቷል። ሽቶው፣ ፖስታው፣ የሞባይል ካርዱ። እዚህ ላይ ነው እኔ የማልስማማው። የኔታ ጋቢ የሚደርባቸው ልጁ ጨርሶ ሲወጣ ነው፤ በእጃቸው የቀረ ነገር የለም፣ የሚሰጡት ማርክም የለም። ካርድ ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሚመጣ ፖስታ ግን ጋቢ አይደለም፤ ስሙን እናውቀዋለን። የሌላት እናትስ? ልጇን በሰው ፖስታ መሀል ባዶ እጁን ልካ ስትሳቀቅ ታድራለች። ደግሞም መምህሯን ማን ጠየቃት? እሷም ትሳቀቃለች።

መምህሩ ትዝ የሚለን ሌላ ጊዜም አለ። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም ይፋ ሆኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3 በመቶ ትንሽ አለፍ የሚሉ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ በአንድ አፍ «መምህራኑ የት ነበሩ?» አለ። ጥያቄው መጥፎ አይደለም። ግን ልጆቹ ባለፉባቸው 12 ሰኔዎች ውስጥ ማናችን ነን ሄደን ያየናቸው? ዓለም አቀፉ የመምህራን ቀን እንኳ የሚከበረው እንደ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 5፣ በእኛ መስከረም 25 ገደማ ነው፤ ልጁ አዲሱን መምህሩን ገና ሳይለምድ፣ የአምናዋን ደግሞ ረስቶ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ካርድ በሚታደልበት ቀን፣ አንዲት የአንደኛ ክፍል መምህርት ጡረታ ይወጡ ነበር። ወላጆች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ጋቢ ገዙ። አዋጪዎቹ ስማቸውን አላጻፉም፤ ማን አምስት ብር፣ ማን መቶ ብር እንደሰጠ ያወቀ የለም። ጋቢውን የሰፈሩ ሽማግሌ ደረቡላቸውና፣ «በሉ እትዬ፣ ልጆቹን ይመርቁልን» አሉ። መምህርቷ አፈሩ። «እኔ ቄስ ነኝ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ልጆቹ ግን ቀድመው ተሰልፈዋል። አንድ በአንድ እየጠሩ፣ ስም ከነአባት፣ ወረቀት ሳይዙ፣ እራሳቸውን እየዳሰሱ መረቁ። ከስልሳ በላይ ልጅ ነው። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ ጀመረ፤ ሰልፉ ወደ በረንዳው ገባ እንጂ አልተበተነም። ጫፍ ላይ የቆመ አንድ ቀጫጫ ልጅ ነበር፤ የመጣው በሚያዝያ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ነው። ስሜን ያውቁት ይሆን እያለ ጥፍሩን ይበላል። ተራው ሲደርስ ቀና ብለው አዩትና ጠሩት፤ ከነአባቱ።